ትልቁ ፋብሪካ ወይስ የሰፈሩ ጋራዥ? የደሴና የኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች አጋር ቀጣሪ ሲመርጡ

ደሴ ያለ የሙያ ኮሌጅ ሠልጣኞቹን ለተግባር ልምምድ የሚያወጣበት ጊዜ ሲደርስ፣ የአስተባባሪው ሐሳብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኮምቦልቻ ነው። ፋብሪካው ያለው እዚያ ነዋ! ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ቆዳው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ። ደብዳቤ ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታል። አስተባባሪው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ፣ ጥበቃውን አስፈቅዶ፣ ሰው ኃይል ቢሮ ይገባል። ከዚያም «ስንት ልጅ ትቀበሉናላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስንት ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ቁጥር ነው። ሃያ ይባላል፣ ሠላሳ ይባላል። ቁጥሩ ሪፖርት ላይ ያምራል። ልጁ ሰኞ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ሲቆም ግን ማን እንደሚቀበለው አያውቅም። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት «ልጆቻችንን አጠገቡ አቁሞ የሚያሳያቸው ባለሙያ ማነው? ልናገኘው እንችላለን?» የሚለው ነበር።

እኔ አጋር ቀጣሪ ሲመረጥ ከሁሉም በፊት የማየው ይህን ነው። የድርጅቱ ስም፣ የግቢው ስፋት፣ የስምምነቱ ፊርማ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ይህን መመዘኛ ይዘን አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው። የምጽፈው በዋናነት ለኮሌጅ ዲኖች፣ ለአስተባባሪዎችና ለሁለተኛ ደረጃ ርዕሳነ መምህራን ነው። በራችሁን ለምትከፍቱ ቀጣሪዎችም የሚሆን ነገር አለበት።

አንድ ነገር ከወዲሁ እናስታውስ። የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የትብብር ሥልጠና የሚባለውን አሠራር ይከተላል። ሐሳቡ በብዛት የመጣው ከጀርመኖቹ ነው። በዚህ አሠራር ከሥልጠናው 30 በመቶው በኮሌጁ፣ 70 በመቶው በድርጅት ውስጥ እንዲሰጥ ይጠበቃል። አዋጅ ቁጥር 954/2008ም ስለ ትብብር ሥልጠና ደንግጓል። 70 በመቶ ማለት እንግዲህ ልጁ አብዛኛውን ነገር የሚማረው እናንተ ከመረጣችሁለት ድርጅት ነው ማለት ነው። ድርጅት ስትመርጡ አሠልጣኝ እየቀጠራችሁ ነው። አሠልጣኝ ስትቀጥሩ የምታደርጉትን ጥንቃቄ ያህል እዚህም አድርጉ።

ትልቁ ፋብሪካ

ትልቅ ፋብሪካ ኮሌጅ በሕልሙም የማይገዛው ማሽን አለው። ቦይለሩ፣ የማቅለሚያ ማሽኑ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘው የጠርሙስ መሙያ መስመር፣ ሌት ተቀን የሚሠራው የፈትል ክፍል። ሠልጣኙ ይህን በዓይኑ ማየቱ ብቻ ብዙ ነው። በዚያ ላይ ሥነ ሥርዓቱ አለ። በፈረቃ መግባትና መውጣት፣ የጥገና ቀጠሮ፣ የአደጋ መከላከያ ሕግ፣ ለአለቃ ሪፖርት ማድረግ። እነዚህን ክፍል ውስጥ ብታስተምሩ ማንም አይሰማችሁም። ፋብሪካ ውስጥ ግን ልጁ በሳምንት ይለምዳቸዋል። ሥራ ሲፈልግም የፋብሪካው ስም ወረቀቱ ላይ መኖሩ ይረዳዋል።

ችግሩ ማሽኑ የተተከለው ለምርት መሆኑ ነው። ኦፕሬተሩ በሰዓት ይህን ያህል ማውጣት አለበት። ለሠልጣኝ ለማስረዳት ማሽን ቢያቆም ይጠየቅበታል። ስለዚህ ሁለት ነገር ይከሰታል። አንደኛው፣ ልጁ እጁን ኪሱ ከቶ ሲያይ ይውላል። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። እንደ ትርፍ ጉልበት ይቆጠራል።

ልብስ ስፌትን ውሰዱ። ሠልጣኟ መስመር ላይ ትቀመጣለች። ከፊቷ የተቆረጠ ጨርቅ ይመጣል። የጎን ስፌቱን ትሰፋና ወደ ቀጣይዋ ታሳልፋለች። ሌላ ይመጣል፣ የጎን ስፌት። ሌላ፣ የጎን ስፌት። ኮሌታ የምትገጥመዋ ሦስት ወንበር አልፋ ነው ያለችው፤ ሄዶ ማየት አይቻልም፣ መስመሩ ይቆማል። ከወራት በኋላ ልጅቷ በጎን ስፌት ማንም አይደርስባትም። ሱፐርቫይዘሩም ይወዳታል። የሙያ ብቃት ምዘናው ሲመጣ ግን የሚጠየቀው አንድ ስፌት ብቻ አይደለም። ፋብሪካው ነጻ ሠራተኛ አግኝቷል፤ ልጅቷ የሥልጠና ጊዜዋን ከስራለች።

ይህ ማለት ፋብሪካን ተዉት ማለት አይደለም። ሌላ ነገር ጠይቁ ማለት ነው። መጀመሪያ፣ ለመካኒክስና ለኤሌክትሪክ ሠልጣኞች ምርት ክፍሉን ትታችሁ የጥገና ክፍሉን ጠይቁ። ፋብሪካ ውስጥ ለማስተማር ጊዜ ያለው ሰው በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው። ማሽን ሲበላሽ ቆሞ ያስባል፣ ይፈታል፣ ይገጥማል፤ አጠገቡ ያለ ልጅ ያያል። ቀጥሎ፣ ለስፌት ሠልጣኞች ዝውውሩን በጽሑፍ አስቀምጡ። ሁለት ሳምንት ቆረጣ፣ ከዚያ የተለያየ ስፌት፣ ከዚያ ጥራት ቁጥጥር፣ መጨረሻ ላይ መተኮስና ማሸግ። ሱፐርቫይዘሩ ሊያጉረመርም ይችላል። ከሰው ኃይል ኃላፊው ጋር ብቻ ከተስማማችሁ እሱ ስለ ስምምነቱ ላይሰማም ይችላል። ስለዚህ ስትነጋገሩ ሱፐርቫይዘሩ አብሮ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ለአንድ የፋብሪካ ባለሙያ ከሦስት በላይ ልጅ አትስጡ።

ሌላው ሥጋት ፋብሪካው ራሱ ሊቆም መቻሉ ነው። ይህን ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው መንገር አያስፈልግም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ስንቱ ተስፋ ጥሎበት ነበር። በ2014 ጦርነቱ ሁለቱም ከተሞች ሲገባ ፋብሪካዎችም ትምህርት ቤቶችም ተዘረፉ፣ ወደሙ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ወደዚያ ገበያ ልብስ የሚልኩ ድርጅቶች ከቀረጥ ነጻ የሚገቡበትን ዕድል አጡ። መብራት ሲቋረጥ፣ ጥሬ ዕቃ ሲጠፋ፣ የውጭ ምንዛሬ ሲታጣም ሥራ ይቆማል። ሁሉንም ሠልጣኝ አንድ ግቢ ያስገባ ኮሌጅ ያ ግቢ ሲዘጋ መሄጃ የለውም። ፋብሪካው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ከአንድ ሙያ ሠልጣኞች ግማሹን ያህል ሌላ ቦታ አድርጉ።

ጋራዥ፣ ብየዳ ቤት፣ እንጨት ሥራ

አሁን ወደ ደሴ እንውጣ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ መኪና 600 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል። ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል። የጭነት መኪና ሲወጣ ፍሪሲዮን ይጨሳል፣ ሲወርድ ፍሬን ይግላል። ፍሬንና ፍሪሲዮን መማር ለሚፈልግ ልጅ ከዚህ የተሻለ ከተማ ከወዴት ይገኛል?

ጋራዥ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሰልቺ ናቸው። መካኒኩ መኪና ሥር ተኝቶ «አሥራ ሰባት ቁልፍ!» ይላል። ልጁ አሥራ አራት ያቀብላል። ይሰደባል። ከጥቂት ቀን በኋላ ቡሎኑን በዓይኑ አይቶ ቁልፉን ያወጣል። ይህ ራሱ ትምህርት ነው፤ ነገር ግን እዚህ ላይ መቆም የለበትም። ጥሩው መካኒክ የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። ጎማውን ያወርዳል፣ ከበሮውን ይስባል፣ ልጁን ይጠራል። «ና፣ ጣትህን አሳርፍበት» ይላል። የፍሬኑ ሸራ እስከ ብረቱ ድረስ አልቋል። ከበሮው በሙቀት ጠቁሯል። «ይሄ ሹፌር ቁልቁለቱን ማርሽ ሳይቀንስ፣ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ነው የወረደው» ይለዋል። ልጁ በዚያች ደቂቃ ስለ ሸራው ማለቅ፣ ስለ ምክንያቱና ስለ አነዳዱ አንድ ላይ ተማረ። የትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ይህን በአንድ ገጽ አያስተምርም።

ጋራዡ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ብቻ ስለሚይዝ ልጁ አይጠፋም። ሥራው ይፈራረቃል፤ ዛሬ ካምቢዮ፣ ነገ ባትሪ፣ ከነገ ወዲያ ሞተር ማውረድ። ልጁ ደንበኛ ሲከራከር፣ ዋጋ ሲወሰን፣ ዕቃ ሲገዛ ያያል። ነገ የራሱን ሊከፍት የሚያስብ ከሆነ ይህን ፋብሪካ ውስጥ አያገኘውም።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። በያጁ መነጽር ሳያደርግ ሊበይድ ይችላል። ልጁም ያንኑ ይማራል፤ ማታ ዓይኑ ሲያቃጥለው ያድራል። የአዳዲሶቹን መኪኖች ኤሌክትሮኒክስ የሚያነበው ስካነር ብዙ ቦታ የለም። ሎግ ቡክ፣ ማለትም ልጁ በየቀኑ የሠራው የሚጻፍበት መዝገብ፣ የሚሞላ አይገኝም። ባለቤቱ ሥራ ሲበዛበት ልጁን ሻይ ሊያስመጣው፣ ዕቃ ሊያስገዛው ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ በግልጽ ይናገረዋል። «ዛሬ ላስተምረው፣ ነገ አጠገቤ ከፍቶ ደንበኛዬን ሊወስድ?»

ይህን ሥጋት አትናቁት፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የሚፈታውም በልመና አይደለም። ለባለቤቱ የሚጠቅመውን ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ኮሌጆች ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ድጋፍ የመስጠት ኃላፊነት አለባቸው። ካይዘን (ሥራን በትንሽ በትንሹ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ)፣ የቴክኒክ ክህሎት፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንተርፕረነርሺፕ የሚባሉት ናቸው። ብዙ ጊዜ ይህ ሥራና የትብብር ሥልጠናው በተለያየ ሰው፣ በተለያየ ፋይል ይሄዳል። አንድ ላይ አድርጓቸው! «ጋሼ፣ እርስዎ ሁለት ልጆቻችንን ይያዙልን፤ እኛ የዕቃ መደርደሪያዎን እናስተካክልልዎታለን፣ በስካነር የሚታይ መኪና ሲመጣ ደግሞ ኮሌጅ አምጥተው ይመርምሩ» ማለት ትችላላችሁ። ቱታ፣ ጓንት፣ የብየዳ መነጽር ከኮሌጁ ይሂድ። ሎግ ቡኩን የእናንተ አሠልጣኝ በሳምንት አንድ ቀን ሄዶ፣ ባለቤቱን በቃል እየጠየቀ ይሙላው። ባለቤቱ ያያል፣ ይፈርማል።

አርባ ሠልጣኝ ካላችሁ ከሃያ በላይ ጋራዥ ያስፈልጋል። ይህ አድካሚ ነው፤ ማንም አይክደውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? አንድ አስተባባሪ ሃያ ቦታ መዞር አይችልም። አሠልጣኞቹን በሰፈር መድቧቸው። የፒያሳውን አንዱ፣ የሸዋበሩን ሌላው፣ የሆጤውን ሌላው ይያዝ። አሠልጣኙ በሚኖርበት ሰፈር ቢመደብ ደግሞ የበለጠ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ጎራ ይላል።

መሥሪያ ቤትና ሆስፒታል

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። ለአካውንቲንግና ለአይሲቲ ሠልጣኞች የመንግሥት ቢሮ ይቀላል፤ ቅርብ ነው፣ በቀላሉ ይፈቅዳል። ልጁ ግን ፎቶ ኮፒ ሲያነሳና ፋይል ሲያመላልስ ሊከርም ይችላል። ከዚያ ይልቅ መዝገቡን በአግባቡ የሚይዝ መካከለኛ ነጋዴ ወይም ኅብረት ሥራ ማኅበር ይሻላል። ለቧንቧና ለኤሌክትሪክ ሙያ የከተማው የውሃና የመብራት አገልግሎቶች ጥሩ ናቸው፤ ልጆቹን የጥገና ቡድኑ ጋር መድቧቸው እንጂ ቢሮ አታስቀምጧቸው።

የጤና ኮሌጆች ከሁላችንም ይቀድማሉ። ተማሪው ሆስፒታል ሲወጣ የት ክፍል፣ ለስንት ሳምንት፣ በማን ሥር እንደሚሆን በፕሮግራም ያውቀዋል። ምን ምን ሥራ በእጁ መሥራት እንዳለበትም ይጻፋል። የሌላ ሙያ አስተባባሪ ከሆናችሁ አንድ ቀን ሄዳችሁ ያንን ፕሮግራም ተዋሱ።

በምን ዓይነት አሠራር?

አጋሩን ከመረጣችሁ በኋላ አብራችሁ የምትሠሩበት መንገድም ይመረጣል።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሆናችሁ መጀመሪያ የሚታሰበው ጉብኝት ነው። ስልሳ ተማሪ አውቶቡስ ተከራይቶ ፋብሪካ ይገባል። ማሽኑ ይጮኻል፣ አስጎብኚው አይሰማም፣ ከኋላ ያለው የፊተኛውን ጀርባ አይቶ ይመለሳል። በዚያው ወጪ ስድስት ባለሙያ በየተራ ወደ ክፍል ብትጋብዙ ይሻላል። በተለይ ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣች የፋብሪካ ቴክኒሻን። ያረጀ ቤሪንግ፣ የተቃጠለ ሞተር መጠምጠሚያ፣ ያልተስተካከለ ጨርቅ ይዛ ትምጣ። ተማሪዎቹ ይንኩት፣ ደመወዟን ሳይቀር ይጠይቋት። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ የሙያ ትምህርት ዘርፎችን ስላስገባ ይህ ግንኙነት ለሁለተኛ ደረጃም ግዴታ እየሆነ ነው። ጉብኝት የግድ ካላችሁ በአንዴ ከአሥራ አምስት ተማሪ አይብለጥ።

ለሙያ ኮሌጆች ዋናው ጥያቄ ጊዜው እንዴት ይከፋፈል የሚለው ነው። አንዱ መንገድ በሳምንት የተወሰነ ቀን ድርጅት፣ የተወሰነ ቀን ኮሌጅ ነው። ሌላው ለሁለትና ለሦስት ወር ጠቅልሎ ማስወጣት ነው። ለሰፈር ጋራዥ የመጀመሪያው ይሻላል። ልጁ ሐሙስ ያላወቀውን ነገር ዓርብ ለአሠልጣኙ ይዞ ይመጣል፤ አሠልጣኙም ልጁ ምን እየሠራ እንደሆነ በየሳምንቱ ይሰማል። ለኮምቦልቻ ፋብሪካ ግን ጠቅልሎ ማስወጣቱ ይሻላል። ፋብሪካ በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ ለሚል ልጅ ኃላፊነት አይሰጥም። የታክሲውም ነገር አለ። ከደሴ በየቀኑ ወርዶ መመለስ ለድሃ ቤተሰብ ልጅ ከባድ ወጪ ነው። ከሥልጠና ከሚቀሩት ስንቶቹ በትራንስፖርት ምክንያት እንደሆነ ልጆቹን ጠይቋቸው፤ ብዙውን ጊዜ ያፍራሉ እንጂ አይናገሩም። የፋብሪካው ሰርቪስ ላይ ወንበር መለመን፣ ወይም ኮምቦልቻ ዘመድ ያላቸውን አስቀድሞ መመደብ ይቻላል። የኮምቦልቻ ልጅ ኮምቦልቻ፣ የደሴ ልጅ ደሴ መመደቡ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል።

የዩኒቨርሲቲው ኢንተርንሺፕ ሌላ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ፋብሪካዎቹ መሐል ነው ያለው። የምህንድስና ተማሪ አንድ ሴሚስተር ያህል ይወጣል። እዚህ የሚመረጠው ቦታ ፋብሪካው በእውነት የተቸገረበትን ጥያቄ የሚሰጥ ነው። ቦይለሩ ለምን ነዳጅ ይበላል? ይህ መስመር ለምን ቶሎ ቶሎ ይቆማል? እንዲህ ያለ ጥያቄ የሌለበት ኢንተርንሺፕ መጨረሻው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሪፖርት ነው። እንዲያውም የምህንድስና ተማሪውና የኮሌጁ ሠልጣኝ አንድ ማሽን ላይ አብረው ቢመደቡ ምኞቴ ነው። አንዱ ያሰላል፣ ሌላው ይፈታል፤ ሁለቱም የጎደላቸውን ከጎናቸው ያገኛሉ።

የመጨረሻው አሠራር እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ነው፤ አሠልጣኙን ራሱን ወደ ድርጅት መላክ። በክረምት፣ ሠልጣኞች ሲያርፉ፣ አንድ አሠልጣኝ ለአንድ ወር ቱታ ለብሶ ፋብሪካው የጥገና ክፍል ይግባ። ወጪው ትንሽ ነው። ሲመለስ ማሽኑን አውቆ፣ የክፍሉን ሰዎች በስማቸው ለይቶ፣ የማን እጅ ጥሩ እንደሆነ፣ ማን ለማስተማር ትዕግሥት እንዳለው አይቶ ነው። ለሠልጣኞቹ የሚሆን ሰው ለመምረጥ ከእንግዲህ ደብዳቤ አይፈልግም፤ ስልክ ይደውላል። በጀታችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ይህን አድርጉ። በ2014 ዕቃ ለተዘረፈበት ኮሌጅ ደግሞ ይህ በእጥፍ ይጠቅማል፤ ወርክሾፑ እስኪሟላ ድረስ አሠልጣኙ ራሱ ከማሽን ጋር እንዳይራራቅ ያደርጋል።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

በባነርና በፎቶ የሚፈረመውን የመግባቢያ ሰነድ አልቃወምም። በር ይከፍታል። ሥልጠናውን የሚያስኬደው ግን ከእሱ ሥር ያለችው አንድ ገጽ ናት። የድርጅቱ አሠልጣኝ ስም ይኑርባት። ልጁ ከሙያ ደረጃው ውስጥ በእጁ የሚሠራቸው ሥራዎች ይዘርዘሩባት፤ «ልምምድ ያደርጋል» የሚል ብቻ አይጻፍ። የመግቢያና መውጫ ሰዓት፣ ምሳና ትራንስፖርት፣ የደኅንነት ልብስ ከማን እንደሚመጣ፣ አደጋ ቢደርስ ማን እንደሚያሳክም ይግባባት። ይህ የመጨረሻው ነገር ሳይጻፍ አንድም ልጅ አታሰማሩ። ጣት ከተቆረጠ በኋላ የሚደረግ ድርድር ለማንም አይበጅም።

ዕድሜም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያሉት ወጣት ሠራተኛ ይባላሉ። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠሩም። ሠልጣኝ ተቀጣሪ አይደለም ብሎ የሚከራከር ቢኖር እንኳ እናንተ ከዚህ አትለፉ። ፋብሪካ በፈረቃ ስለሚሠራ ይህ በስምምነቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ስለ ሴት ሠልጣኞች ደግሞ ለይታችሁ ጠይቁ። ልብስ መቀየሪያ አለ ወይ? ፈረቃው ስንት ሰዓት ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ ታክሲ ይገኛል ወይ? አንድ ሰው ቢያስቸግራት ለማን ትናገራለች? ኮሌጁ ውስጥ አንዲት ሴት አሠልጣኝ ስልኳን ትስጣቸውና በሳምንት አንዴ ትደውል። ድርጅቱ ይህን ስትጠይቁት ቅር ካለው ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ለቀጣሪው

ለእናንተ ለቀጣሪዎች አንድ ነገር ልበል። ሠልጣኝ መቀበል ውለታ ብቻ አይደለም። አዲስ ሠራተኛ ስትቀጥሩ ሕጉ የሚሰጣችሁ የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው። ሠልጣኝን ግን ለወራት ታዩታላችሁ። ሰዓት ያከብራል? ሲሳሳት ይናገራል? ማሽን ይጠነቀቃል? ስትቀጥሩት አታውቁትም አይባልም። ከእናንተ የሚፈለገው ጥሩ ባለሙያችሁን ለማስተማር በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነጻ ማድረግ ነው። ለዚያ ባለሙያ ትንሽ አበል ወይም የምስጋና ደብዳቤ ስጡት። ያለ ምንም ነገር ከመደበኛ ሥራው ላይ ከተጫነበት ልጁን እንደ ቅጣት ያየዋል።

እኔ ብሆን

ሙያ በሙያ ልንገራችሁ። ለአውቶ መካኒክ ያለ ጥርጥር የደሴን ጋራዦች እመርጣለሁ፤ መጨረሻ ላይ ለጥቂት ሳምንታት የተሻለ መሣሪያ ያለው የትራንስፖርት ድርጅት ወርክሾፕ እጨምርበታለሁ። ለብየዳና ለብረታ ብረት ከበርና ከመስኮት ሠሪዎች እጀምራለሁ፤ ልጁ እጁ ሲጸና ኮምቦልቻ አወርደዋለሁ። ለኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክና ለማሽን ጥገና ፋብሪካ ብቻ፤ ቁጥሩ ትንሽ ይሁን፣ የጥገና ክፍል ይሁን። ለልብስ ስፌት ግማሹን ጊዜ ከሰፈር ልብስ ሰፊ ጋር አደርገዋለሁ። እዚያ ልኬት መውሰድ፣ መቁረጥና ሙሉ ልብስ መጨረስ ይማራሉ። ቀሪው ጊዜ የፋብሪካ ፍጥነትና ጥራት ለመልመድ ይሁን። ለሆቴል ሙያ የደሴ ሆቴሎች ይበቃሉ፤ ነገር ግን ወጥ ቤት፣ መስተንግዶና እንግዳ መቀበያ መዞሩን አረጋግጡ።

ሁለት ድርጅት እኩል ሆነው ካስቸገሯችሁ ዝም ብላችሁ አንድ ረፋድ ግቡና ቆዩ። እዚያ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ሲሳሳት አለቃው ምን ያደርጋል? ከሰደበውና እቃውን ነጥቆ ራሱ ከሠራው አንድ ነገር ነው። ከሰደበውም በኋላ ቢሆን መልሶ «አሁን አንተ ሥራው» ካለው ሌላ ነገር ነው። ልጆቻችሁን ለሁለተኛው ስጡ።

መቼ ልውጣ?

ከመጀመሪያው ወር በኋላ ሎግ ቡኩን ክፈቱ። በየቀኑ ያው አንድ ሥራ ከተጻፈበት፣ ወይም ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከገለበጠ፣ ሄዳችሁ ተነጋገሩ። ድርጅቱ የመደበው ባለሙያ ከለቀቀ ወይም ወደ ሌላ ክፍል ከተዛወረ ምትክ እስኪሰየም ልጁ አይቆይ። የደኅንነት ልብስ ካልተሰጠ በዚያው ቀን አስወጡት፤ ይህ ቀጠሮ አይሰጠውም። ልጁ ራሱ ደስ አላለኝም ስላለ ብቻ ግን አትቸኩሉ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ድካም ብዙዎቹ ይጠሉታል፤ የባለሙያውንም ወገን ስሙ።

ስታስወጡ በደብዳቤ አትጀምሩ። ኃላፊው ዘንድ ሂዱ፣ ምክንያቱን ፊት ለፊት ንገሩት፣ ለቆየበት ጊዜ አመስግኑት። በሚቀጥለው ዓመት ያንን ክፍል ሌላ ሰው ሊመራው ይችላል። ያን ጊዜ ተመልሳችሁ ትጠይቃላችሁ።